ሞላ ያሰረው ዘር

ከማግባቴ በፊት የማውቀው ሥራ አልጋ ማንጠፍ ነበር። ላሊበላ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። ጠዋት አንሶላ እቀይራለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ፣ እንግዶቹ አብያተ ክርስቲያናቱን ጎብኝተው ሲመለሱ ክፍላቸው ንጹሕ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። አፈር ለእኔ በሰው ጫማ ተጣብቆ የሚገባ፣ በመጥረጊያ የሚወጣ ነገር ነበር። እህል ከየት ይመጣል ብትሉኝ ከገበያ ነው የምላችሁ።

ሞላን ያገኘሁትም እዚያው ገበያ ነው። ቅዳሜ ነበር። ከብልባላ አልፎ ወደ ተከዜ ቁልቁል ከሚወረድበት ቆላ በአህያ ጥንቅሽ ጭኖ መጥቷል። ጥንቅሽን የማታውቁት ካላችሁ፣ አገዳው እንደ ሸንኮራ ተልጦ የሚመጠጥ የማሽላ ዓይነት ነው። ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ስናልፍ አንዱን አገዳ አንስቼ አገላበጥኩት።

«ይጣፍጣል?» አልኩት።

«ካልጣፈጠሽ አህያዋን ይዘሻት ሂጂ» አለኝ።

ጓደኞቼ ሳቁ። እኔ ያየሁት እጁን ነበር። ዓይኑ እኔ ላይ ሆኖ አገዳውን በቢላ ይልጣል፤ አንዴም ወደ ቢላው አላየም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጓደኞቼን ሳልጠራ ብቻዬን ሄድኩ። ከዚያም በኋላ ቅዳሜ ሲደርስ እግሬ ራሱ ይመራኝ ጀመር። በዓመቱ ተጋባን። ያን ጊዜ እንግዳ ጠፍቶ ሆቴሉ ሠራተኛ እየቀነሰ ስለነበር የሥራዬ ነገር አላሳሰበኝም። ሻንጣዬን አህያዋ ላይ ጭነን ወደ ቆላው ወረድን።

ቤቱ የሣር ክዳን ነው። የሞላ እናት ቀደም ብለው አርፈዋል፤ ከእኛ ጋር የሚኖሩት አባቱ አያ ታደገ ናቸው። እኔ «አባባ» ነበር የምላቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ ዋንጫ እንኳ በሁለት እጃቸው ነው የሚይዙት። አንድ በሬ ነበረን፣ ዳለቻ የምንለው። የእርሻው ሥራ ሁሉ የሞላ ነበር። እኔ አረም እነቅላለሁ፣ ወፍ እጠብቃለሁ፣ እህል ሲገባ እሸከማለሁ። ቀስ በቀስ አፈሩን ለመድኩት።

ኅዳር ላይ፣ ማሽላው ከመታጨዱ በፊት፣ ሞላ እርሻው ውስጥ ብቻውን ይገባል። ለዘር የሚሆነው ዛላ ቆሞ ሳለ ነው የሚመረጠው። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ እንደ ሕፃን ራስ በመዳፉ ይዳብሳቸዋል። አንዳንዱን ይተወዋል፤ ለምን እንደተወው ብጠይቀው ወደሚቀጥለው ያልፋል። የመረጣቸውን ቆርጦ በግራር ልጥ ጠበቅ አድርጎ ያስርና ከምድጃው በላይ ካለው ወራጅ ላይ ይሰቅለዋል። ጭሱ ነቀዝ እንዳይገባበት ይጠብቀዋል።

«ይኼ ማሽላ ከአያቴ ጀምሮ ከዚህ ቤት ጠፍቶ አያውቅም» ይለኝ ነበር።

በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ክረምቱ ከባድ ነበር። ጣሪያው አፈሰሰ። አንድ ቀን መኝታችን ሁሉ ረጥቦ ሳየው፣ «የሰው ቤት ሁሉ ቆርቆሮ ለበሰ፤ እኛ ብቻ ከሣር ሥር ቀረን» አልኩት። ኅዳር ላይ ማሽላውን አስገባ፣ ዘሩን መረጠ፣ አሰረ፣ ሰቀለ። በታኅሣሥ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ወደ መተማ ለማሽላ አጨዳ ሄደ። «ለሁለት ወር ነው» አለኝ። እስከ ጅረቱ ሸኘሁት። ተሻግሮ ዞር ብሎ አየኝ፤ እጄን አነሳሁ፤ እሱም አነሳ።

ሁለት ጊዜ በሰው ስልክ ደወለ። በሁለተኛው ጊዜ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። የሰማሁት የመጨረሻ ቃል፣ «ዘሩን ጭስ እንዳይለየው» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ አገሩ ታመሰ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ። መንገዱ እንደገና ሲከፈት አብረውት ከሄዱት አንዳንዶቹ መጡ። ሞላ አልመጣም። «ሌላ እርሻ ላይ ተቀጥሮ ተለየን፤ ከዚያ ወዲህ አላየነውም» አሉን።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በእነዚያ ዓመታት መሬቱን በእኩል የሚያርስልን የሩቅ ሰፈር ሰው ነበር፤ የሚዘራውም የራሱን ጤፍ ነው። የሞላ ዘር እንደተሰቀለ ቆየ። እኔም ምድጃው ጭስ እንዳያጣ የማበስለው በሌለኝ ቀን እንኳ እሳት አነድድ ነበር። አባባ ከእኔ ጋር ማውራት ተዉ። «እንዴት አደርሽ»፣ «እግዜር ይስጥልኝ»፤ ሌላ የለም። ቆርቆሮ ያልኩትን እንደሰሙ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ግድግዳው ስስ ነው። ልጃቸውን ያባረርኩት እኔ እንደሆንኩ በልባቸው ይዘውታል ብዬ አምን ነበር። ልጅ አልወለድኩም፤ ባል የለኝም፤ ዘመዶቼ ከላሊበላ «ነይና እዚህ ሥራ ፈልጊ» እያሉ ይልኩብኛል። እንዳልሄድ የያዘኝ ምን እንደነበር ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ ወደ ላይ፣ ወደ ወራጁ ነበር የማሳያችሁ።

በሦስተኛው ዓመት ያ በእኩል የሚያርሰው ሰውዬ ሌላ ቦታ ያዘና ቀረ። አንድ በሬ ካለው ጎረቤታችን ከአያ ሲሳይ ጋር ተስማማን። ዳለቻን ለእሱ እርሻ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ሁለቱን በሬ ጠምዶ የእኛን ያርስልናል። በበጋው ደረቁን መሬት ሁለት ጊዜ አረሰልን። ዘሩን ለመዝራት ዝናብ መጠበቅ ብቻ ቀረን። ሚያዝያ አለፈ፤ አልዘነበም። ግንቦት ተጋመሰ፤ አልዘነበም። የእኛ ማሽላ ቀን የሚፈልግ ነው፤ ከግንቦት ካለፈ ተዘርቶም አይደርስም።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ነገር የሆነው በዚያ ግንቦት ነው።

ከገብርኤል ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡን አወረደው። ሌሊቱንም አካፋ። ሲነጋ አገሩ ሁሉ በሬ ይዞ ወጣ። ያ ቀን የአያ ሲሳይ ተራ ነበር፤ የራሱን ዘርቶ ጨረሰ። ማግስቱ ገብርኤል ስለሆነ ማንም አፈር አልነካም። ከገብርኤል ቀጥሎ ያለው አንድ ቀን የእኔ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ማርያም ናት፤ አይታረስም። ማርያም እስክታልፍ እርጥበቱ አይቆይም። ስለዚህ የነበረኝ ያ አንድ ቀን ብቻ ነበር።

በገብርኤል ዕለት አመሻሽ ላይ በርጩማ ላይ ቆሜ ዘሩን ከወራጁ አወረድኩት። ጥላሸት ለብሶ ጥቁር ሆኗል። ገና መሬት ሳላስቀምጠው አባባ ከበር ገቡ።

«እሱን ወደ ቦታው መልሽው» አሉኝ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ያን ያህል ርዝመት ያለው ነገር ሲናገሩኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

«አባባ፣ ነገ እኮ ልንዘራ ነው። ሌላ ዘር የለንም።»

«ከሰው ተበደሪ።»

«ከማን? የሰፈሩ ሰው የሚያበድረው በሐምሌ የሚዘራውን ፈጣኑን ነው። ለግንቦት የሚሆነውን ሁሉም ለራሱ ይዘራዋል።»

ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ ያሰረውን ልጄ ይፈታዋል» አሉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ እሱን ዘር ያልነካሁት ለምን እንደሆነ ለራሴም አልነገርኩም ነበር። ያ ቋጠሮ የሞላ እጅ የመጨረሻው ሥራ ነው። ካልተፈታ ሊመጣ ነው። ከተፈታ ግን… እኔና አባባ በአንድ ቤት ውስጥ ሳንነጋገር ያንኑ አንድ ነገር ስንጠብቅ ኖረናል።

መልሼ ልሰቅለው ቀና ሳደርገው ከዛላዎቹ መሀል ነጭ ዱቄት መሰል ነገር እጄ ላይ ረገፈ። አንዱን ፍሬ በጥፍሬ ጫንኩት፤ ባዶ ነው።

«አባባ» አልኳቸው፤ «ነቀዝ ጀምሮታል። ይዩት።»

መጡ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ጥቂት ፍሬ ከመዳፌ ወስደው ወደ ምድጃው ብርሃን አስጠጉት። ብዙ አዩት። ከዚያ ፍሬውን መልሰው መዳፌ ላይ አስቀመጡና፣ ዱላቸውን አንስተው ወጡ።

ቋጠሮውን መፍታት አቃተኝ። ልጡ ደርቆ እንደ ሽቦ ሆኗል። ቢላ ባነሳ በአንዴ ይቆረጥ ነበር፤ አላነሳሁም። በጥርሴም በጥፍሬም ታግዬ ፈታሁት። ልጡን አጣጥፌ መቀነቴ ውስጥ አስገባሁና ዛላዎቹን ሰፌድ ላይ በእጄ እያሸሁ ፈለፈልኩ። ነቀዝ የበላውን አበጥሬ አወጣሁት። አብዛኛው ደህና ነበር። ፍሬው ነጭ፣ ጠንካራ፣ የጭስ ሽታ ያለው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የአያ ሲሳይ ሚስት ወለቴ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

«አበቡዬ፣ የሲሳይ ታላቅ ወንድም ብልባላ አርፏል። ሲሳይ ሌሊቱን ሄደ። በሬያችንን ይኸው አመጣሁልሽ፤ ሰው ፈልገሽ አሳርሺ። እኔም መሄዴ ነው።»

በሬውን አስረከበችኝ። አልቅሼ ሸኘኋት። ከዚያ ሰው ፍለጋ ሮጥኩ። የመጀመሪያው ጎረቤት እርሻው ላይ ነበር። «አበቡ፣ እህቴ፣ የራሴ ግማሹ አልተዘራ፤ ነገ ማርያም ናት» አለኝ። እውነቱን ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው፣ «ከሰዓት በኋላ ልሞክር» አለኝ፤ ግን እርሻው ገና ጫፉ እንዳልተነካ እያየሁ ነው። ማንም ክፉ አልሆነብኝም። ያ ቀን የሁሉም አንድ ቀን ነበር።

ስመለስ በእርሻችን በኩል አለፍኩና ጎንበስ ብዬ አፈር ቆነጠርኩ። ላዩ ደርቋል። ጣቴን ወደ ታች ሳስገባው ግን ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ፀሐይዋ ገና ከተራራው መውጣቷ ነው። እስክትጠልቅ ያ እርጥበት የእኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ የማንም አይደለም።

ቤት ገባሁ። ሞፈርና ቀንበሩን ከግድግዳው ላይ አወረድኩ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ አጥብቄ አሰርኩ። አባባ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

በሬዎቹን መጥመዱ ብቻ ጊዜዬን ጨረሰው። ሞላ ሲጠምድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ማየትና ማድረግ ግን አይገናኙም። ቀንበሩ ዳለቻ ላይ ሲገባ የሲሳይ በሬ ያፈገፍጋል፤ እሱ ሲገባ ዳለቻ። እንደምንም ጠመድኩ። ዘሩን በቁና ይዤ ጥቂት ቦታ በተንኩ፤ አንድ ቦታ ተከመረ፣ አንድ ቦታ ባዶ ቀረ። ከዚያ እርፉን ጨበጥኩ።

«ሂድ!» አልኩ።

አልሄዱም።

«ሂድ!» ብዬ ጅራፉን አነሳሁ። ዳለቻ ወደ ግራ ወጣ፣ ሌላው ወደ ቀኝ። ማረሻው ከአፈሩ ተስፈንጥሮ ወጣና እርፉ ደረቴን መታኝ። ወደቅሁ። ተነሳሁ። እንደገና ሞከርኩ። ሁለተኛው ትልም እንደ እባብ ሄደ። ማረሻው አንዴ ድንጋይ ይይዛል፣ አንዴ ላይ ላዩን ይጭራል። መዳፌ ሲላጥ ተሰማኝ።

ከሥር ባለው መንገድ ላይ ጀሪካን የተሸከሙ ሴቶች ቆሙ። አንዷ፣ «እመ ብርሃን! ሴት ስታርስ!» አለች። ሌላዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዝናቡን ልታስቀርብን ነው» ስትል ሰማኋት። በእኛ አገር ሴት እርፍ ከያዘች ሰማዩ ይቆጣል የሚሉ አሉ። ከማዶ የሚያርሱ ወንዶችም በሬያቸውን አቁመው ያዩኛል።

ያን ጊዜ አባባን አየኋቸው። ዱላቸውን እየተመረኮዙ በድንበሩ በኩል ይመጣሉ። ሴቶቹም አዩአቸው፤ ሊያስቆሙኝ እንደመጡ ሁላችንም ገባን። በሬዎቹን አቆምኩ። አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ። ያረስኩትን ጠማማ ትልም አዩ። በሬዎቹን አዩ። በመጨረሻ እኔን አዩኝ።

«በሬው ድምፅሽን አያውቀውም» አሉ።

እርፉን እንደያዝኩ ወደ ዳለቻ ዞርኩ።

«ሞላ አይጮህበትም። ዳለቻን ያሳደገው በፉጨት ነው። ሰምተሽው የለ?»

ሰምቻለሁ። ሰምቼስ አላውቅም እንዴ! ከቤት ሆኜ፣ ውሃ ስቀዳ፣ እንጨት ስሰብር፣ ያ ፉጨት ከእርሻው ይመጣል። መጀመሪያ ረዘም ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ አጠር ብሎ ይወድቃል። የምሳ ሰዓትን የማውቀው እሱ ሲቆም ነበር። ሁለት ዓመት ባዶነቱን ያዳመጥኩት የዚያን ፉጨት ቦታ ነው።

«እኔ ጥርስ የለኝም» አሉ አባባ። «አንቺ ሞክሪ።»

አፌ ደርቋል። የመጀመሪያው ነፋስ ብቻ ሆነ። በሁለተኛው ቀጭን ድምፅ ወጣ። ዳለቻ ጆሮውን አቆመ። በሦስተኛው፣ ያ ፉጨት፣ ራሱ፣ ከራሴ አፍ ወጣ። ዳለቻ አንገቱን ወደ ኋላ አዞረ። ማን እንደሆነ ሊያይ ነው። እኔን ሲያይ ለአንድ አፍታ እንደቆመ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ፊት ተንቀሳቀሰ። ሌላው በሬ ተከተለው።

እያለቀስኩ አረስኩ። እንባዬን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም፤ ሁለቱም በሥራ ተይዘዋል። እየፏጨሁ፣ እያለቀስኩ ሄድኩ። ሲያለቅሱ ማፏጨት ከባድ ነው፤ ድምፁ ይሰበራል። ግን በሬው ታገሰኝ።

ዞሬ ስመለስ አባባ ቁናውን ከድንበሩ ላይ አንስተው በክንዳቸው አቅፈውታል።

«አባባ፣ ይተዉት፣ ይደክምዎታል።»

«እጄ ለእርፍ እምቢ አለ እንጂ ለዘር እምቢ አላለም» አሉ።

ከፊቴ ቀድመው መዝራት ጀመሩ። ያ ዋንጫ መያዝ ያቃተው እጅ ፍሬውን አፍሶ ሲወረውር መንቀጥቀጡ ራሱ ጠቀመው፤ ዘሩ አንድም ቦታ ሳይከመር፣ አንድም ቦታ ሳይሳሳ ተበተነ። እሳቸው ይዘራሉ፣ እኔ ከኋላ አፈር አለብሳለሁ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ተሸክመው ሄዱ። ከማዶ ያሉትም ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ በሬዎቹን አሳረፍናቸውና ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ቆሎ ነበረኝ፤ ለአባባ በድንጋይ ፈጭቼ በውሃ በጠበጥኩላቸው። ጠጡና ጣሳውን አስቀመጡት። አባባ እርሻውን እያዩ ነበር የሚናገሩት።

«እኔ ነኝ የላክሁት።»

«ምን አሉ?»

«ሞላን። መተማ ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ በሬ እስክናገኝ ሰው ከሆንክ አትቀመጥ አልኩት። እሱ አልፈለገም። ሚስቴን ጥዬ አልሄድም አለኝ። ፈሪ ነህ አልኩት። ካንቺ ጋር ዓይን ለዓይን ማየት ያቃተኝ ለዚህ ነው። ፊትሽን ባየሁ ቁጥር ይኼ ቃል ይመጣብኛል።»

ማመን አቃተኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የእሳቸውን ዝምታ እንደ ክስ ስሰማው ኖሬያለሁ።

«እኔ ነበርኩ የመሰለኝ» አልኳቸው። «ስለ ቆርቆሮ የተናገርኩትን ሰምተው የተጣሉኝ መስሎኝ…»

«የምን ቆርቆሮ?» አሉ።

አልሰሙትም ነበር። ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱስ ለሁለታችንም የሚበቃ ትከሻ ነበረው» አሉ። ከዚያ ያ የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን አንስተው ራሴ ላይ አስቀመጡት። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። በሬዎቹ እስኪነሱ ድረስ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከማዶ ያ ሦስተኛው ጎረቤት በሬውን ይዞ ሳይሆን ባዶ እጁን መጣ። «የእኔን ጨረስኩ፤ አምጪው ላግዝሽ» አለኝ። መዳፌ ደም ነበር፤ ብሰጠው ደስ ባለኝ። ግን የቀረው አራት አምስት ትልም ነው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጨርሰው» አልኩት። እዚያው ቆሞ ድንጋይ እየለቀመልኝ ጨረስን። ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ስትገባ በቁናው ውስጥ አንድም ፍሬ አልነበረም።

ማርያምን ተሳለምን። ከዚያ ጥበቃ ጀመርን። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። ሰማዩ ነጭ ሆኖ ቀረ። ውሃ ስቀዳ ሴቶቹ ከፊቴ ዘወር ይላሉ። እኔም በውስጤ፣ እውነት የእኔ ጥፋት ቢሆንስ ማለት ጀመርኩ። የሞላን ዘር አጥፍቼ የሰፈሩን ዝናብ አስቀርቼ ቢሆንስ? በስድስተኛው ቀን እርሻው ዳር ተቀምጬ አፈሩ ላይ ሳፈጥ አባባ መጡ። በጉልበታቸው ተንበርክከው በአንድ ጣታቸው አፈሩን ቀስ አድርገው ገለጡ።

«ጎንበስ በይ» አሉኝ።

አንድ ፍሬ ተሰንጥቆ ነጭ ጫፍ አውጥቷል። እንደ ጥፍር ጫፍ ትንሽ። አባባ መልሰው በአፈር ሸፈኑትና በመዳፋቸው ነካ ነካ አደረጉት።

በስምንተኛው ቀን ዘነበ። በየደጃፉ እልል ተባለ። ወለቴ ከለቅሶ ተመልሳ ስለነበር በዝናብ ውስጥ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ፤ ትስቅ ነበር።

ማሽላው በቀለ። ጉልበት ሲደርስ ሽልሻሎውን፣ ማለትም በበቀለው መሀል የሚታረሰውን እርሻ፣ እኔው አረስኩት። ያኔ ማንም ቆሞ አላየኝም። ኅዳር ላይ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ዛላውን ደፋ። ለዘር የሚሆነውን ለመምረጥ ብቻዬን ገባሁ። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድኩ በመዳፌ ስዳብስ፣ አንዳንዱን የምተወው ለምን እንደሆነ ሳላውቅ መተው ጀመርኩ።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። ሞላ አልመጣም። ሞተ ያለኝ ሰው የለም፤ አለ ያለኝም የለም። አንዱ ወደ ሱዳን ከተሻገሩት ጋር አይቼዋለሁ ይላል፤ ሌላው እሱ ሌላ ሞላ ነው ይላል። አባባ ይኸው ዛሬም ዘሩን እሳቸው ናቸው የሚዘሩት፤ ይቀመጡ ብላቸውም እሺ አይሉም። ማታ ማታ እናወራለን። ስለ ሞላ የልጅነት ነገር ሁሉ አውቄያለሁ አሁን፤ የትኛው ዛፍ ላይ ወጥቶ እንደወደቀ፣ የትኛውን ወይፈን ሲሸጡበት ሦስት ቀን እንዳልበላ። በሰፈራችን ባሎቻቸው የቀሩባቸው ሌሎች ሁለት ሴቶች እርፍ ይዘዋል። አንዷ ያቺ «እመ ብርሃን» ያለችው ናት።

ይህን የምታነቡ ሰው የጠፋባችሁ ትኖራላችሁ። ምን እንደምላችሁ አላውቅም። ተስፋ ቁረጡ አልላችሁም፤ እኔ አልቆረጥኩም። ነገር ግን እኔ ሁለት ዓመት ምንም ነገር ሳልነካ ከጠበቅሁ ሁሉም እንደተወው ሆኖ ይቆየዋል ብዬ ነበር። አልቆየም። እየተበላ ነበር፣ ከውስጥ፣ ሳላየው። ያን ቀን ባልፈታው ኖሮ ሞላ ቢመጣ የማሳየው ነገር አይኖረኝም ነበር። አሁንም ናፍቆቱ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጠንቷል፤ የእሱን ሥራ በሠራሁ ቁጥር የት ቦታ ላይ ወገቡን ያመው እንደነበር፣ የት ቦታ ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርግ እንደነበር በራሴ ሰውነት አውቀዋለሁ። ቀድሞ የማላውቀው ሰውዬ ነበር የናፈቀኝ። አሁን የማውቀው ነው።

ባለፈው ሳምንት አጨዳ ላይ ወለቴ አጠገቤ ሆና አገዳ እየቆረጠች፣ «አበቡ፣ ሞላ መጥቶ እርፍ ይዘሽ ቢያይሽ ምን ትይዋለሽ?» አለችኝ።

ማጭዴን አቆምኩ።

«ምንም አልለውም» አልኳት። «እርፉን እሰጠዋለሁ። ከዚያ ድንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሲያርስ አየዋለሁ። እስኪመሽ ድረስ አየዋለሁ።»